ስሕተት ቁጥር 1267፦ የአማርኛ ድረ ገጾች ለምን ከራሳቸው ጋር ይጣላሉ?

ከጠዋቱ 2 ሰዓት። አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት አካባቢ ባለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ሰዎች አንድ ስክሪን ፊት ተቀምጠዋል። ሰዓቱ የተመረጠው ሆን ተብሎ ነው። ከድረ ገጹ አንባቢዎች ብዙዎቹ የሚኖሩት ዋሽንግተንና አካባቢዋ ሲሆን፣ እዚያ አሁን እኩለ ሌሊት አልፏል። ገጹ ለአንድ ሰዓት ቢዘጋ የሚቆጣ ሰው ጥቂት ነው።

አዘጋጁ ስልሳን የተሻገሩ ሰው ናቸው። የኪነ ጥበብና የታሪክ መጽሔታቸው ከወረቀት ወደ ድረ ገጽ ከገባ ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ሳምንት ድረ ገጹን ከአንድ ሆስቲንግ ድርጅት ወደ ሌላ አዛወሩ። ከዝውውሩ በኋላ ጽሑፎቹ እንደ ወትሮው ይከፈታሉ፤ የጸሐፊዎች ዝርዝር ግን ባዶ ነጭ ገጽ ሆኖ ቀረ። ፍለጋውም መልስ አይሰጥም። ያማከሩት አንድ ሰው ችግሩ አማርኛው ነው ብሎ፣ ጽሑፎቹን ሁሉ ወደ ፒዲኤፍ እንዲቀይሯቸው መክሯቸዋል።

“ልጄ፣ ጽሑፎቹ አሉ ወይስ የሉም? እሱን ብቻ ንገሪኝ።”

“አሉ ጋሼ፣ አይሥጉ። አንድም ፊደል አልጠፋም። ሠንጠረዦቹ ናቸው እርስ በርስ ያልተስማሙት።”

ባለሙያዋ የሰርቨሩን የስሕተት መዝገብ ከፍታ አሳየቻቸው። ቁጥሩ 1267 ነው። መልእክቱ “ኢሊጋል ሚክስ ኦፍ ኮሌሽንስ” ይላል፤ የማይደባለቁ ኮሌሽኖችን ደባልቃችኋል ማለቱ ነው። ቀጥሎ ሁለት ረጃጅም ስሞች ተጽፈዋል፤ አንደኛው ዩቲኤፍ8ኤምቢ4-ዩኒኮድ-ሲአይ፣ ሁለተኛው ዩቲኤፍ8ኤምቢ4-0900-ኤአይ-ሲአይ። ሁለቱም ለአማርኛ ይሠራሉ። ለየብቻቸው ምንም እንከን የለባቸውም።

ነገሩን ለመረዳት በባለሙያዎች ዘንድ ሳይቀር የሚምታቱ ሁለት ጉዳዮችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የፊደል ኮድ ነው፤ አንድ ፊደል ዲስክ ላይ በየትኞቹ ቁጥሮች እንደሚቀመጥ ይወስናል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ፣ የእኛ የተለመዱ ፊደሎች እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ባይት ይይዛሉ። “ኢትዮጵያ” የሚለው ስም አምስት ፊደል፣ አሥራ አምስት ባይት ነው። ሁለተኛው ኮሌሽን ነው። ኮሌሽን ፊደሉ እንዴት እንደሚቀመጥ አያገባውም። ሥራው ሁለት ቃላት እኩል ናቸው ወይስ አይደሉም፣ ካልሆኑስ የትኛው ይቀድማል የሚለውን መፍረድ ነው። ኮዱ ከተበላሸ ጽሑፍ ይበላሻል። ኮሌሽን ሲጋጭ ግን ጽሑፉ ደኅና ነው፤ የማይቻለው ማነጻጸር ነው። የአዘጋጁ ድረ ገጽ በሽታ ሁለተኛው ነበር፤ የተሰጣቸው ምክር ደግሞ ለመጀመሪያው፣ ያውም ለእሱም የማይረባ።

ታዲያ በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ ሁለት ደንብ ከየት መጣ? አዘጋጁ አልመረጡም፤ ባለሙያዋም አልመረጠችም። ይህ ጽሑፍ ሊያስተላልፍ የፈለገው ዋና ነገርም ይኸው ነው፤ አብዛኛው የኮሌሽን ግጭት ማንም ሳይመርጠው በራሱ የተቀመጠ ምርጫ ውጤት ነው።

ዳታቤዙን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ ማይኤስኪውኤል፣ የተወለደው ስዊድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሥራውን ሲጀምሩ መሥራቾቹ የሚያውቁት የቅርባቸውን ቋንቋ ነበርና፣ ተጠቃሚው ምንም ካልተናገረ የሚሠራው ኮድ ላቲን1፣ ኮሌሽኑም ላቲን1-ስዊድሽ-ሲአይ ሆነ። ይህ የስዊድን መዝገበ ቃላት ቅደም ተከተል እስከ 5.7 እትም ድረስ ነባሪ ሆኖ ዘለቀ። የአዲስ አበባ ሆቴል፣ የናይሮቢ ባንክ፣ የሊማ ጋዜጣ ዝም ካሉ ሁሉም በስዊድን ደንብ ይደረደሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ለሥራ የወጣው 4.1 እትም ዩቲኤፍ8 የሚባል ኮድ ይዞ መጣ፤ ግን ስሙና ግብሩ አልገጠሙም። በአንድ ፊደል ከሦስት ባይት በላይ አይቀበልም ነበር፤ እውነተኛው ዩቲኤፍ-8 ግን እስከ አራት ይሄዳል። አራቱንም የሚይዘው ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። የድረ ገጽ ማዘጋጃው ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. በ2015 በ4.2 እትሙ ሠንጠረዦቹን ወደዚህ ኮድ አዛወረ፤ በቀጣዩ ዓመት በ4.6 እትሙ ደግሞ ሰርቨሩ የሚያውቀው ከሆነ ዩኒኮድ-520-ሲአይ የተባለውን ኮሌሽን መምረጥ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ማይኤስኪውኤል 8.0 በበኩሉ ነባሪውን ወደ 0900-ኤአይ-ሲአይ ቀየረው።

እያንዳንዱ ለውጥ ትክክል ነበር። ነገር ግን ዎርድፕረስ የራሱን ሠንጠረዦች ካዛወረበት በቀር፣ እያንዳንዱ የሚመለከተው ከዚያ ቀን በኋላ የሚፈጠረውን ሠንጠረዥ ነው፤ የቆየው እንደነበረ ይቆያል። ዕድሜ የጠገበ ዳታቤዝ የሁሉንም ዘመን ደንብ አዝሎ ይኖራል።

ባለሙያዋ የሆስቲንጉን መቆጣጠሪያ፣ ሲፓነልን፣ ከፈተች፤ ከዚያ ወደ ዳታቤዝ ማስተዳደሪያው ፒኤችፒማይአድሚን። ዳታቤዙን ስትነካው የሠንጠረዦቹ ዝርዝር መጣ፤ ከዓምዶቹ አንዱ ኮሌሽን የሚል ነው። በጣቷ ወደ ታች እየተከተለች አነበበች። የጽሑፎቹ ሠንጠረዥ ዩኒኮድ-ሲአይ ነው፤ የዎርድፕረስ የ2015 እድሳት ትቶት የሄደ። የጸሐፊዎቹ ሠንጠረዥ 0900 ነው፤ የጸሐፊዎቹን ዝርዝር የሚሠራው ፕለጊን በአዲሱ ሰርቨር ላይ እንደገና ሲጫን ኮዱን ብቻ ጠርቶ ኮሌሽኑን ሳይጠራ የፈጠረው። ወደ ታች ስትወርድ ደግሞ አንድ አሮጌ ሠንጠረዥ ላይ ላቲን1-ስዊድሽ-ሲአይ አገኘች።

“ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?”

“የእንግዳ መዝገብ ነበር። ሰዎች አስተያየት የሚጽፉበት። ያኔ ዎርድፕረስ የሚባል ነገር አናውቅም።”

“እሱን ለመጨረሻ እናቆየው” አለች። ለምን እንዳቆየችው ኋላ እንመለስበታለን።

እዚህ ላይ አንባቢ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። ደንቦቹ ከተለያዩ ድረ ገጹ እንዴት ጨርሶ አልቆመም? ጽሑፎቹስ እንዴት ይከፈታሉ? መልሱ ማይኤስኪውኤል ለማነጻጸር በሚሰጠው የቅድሚያ ደረጃ ውስጥ ነው። አንድ ዓምድ በጥያቄው ውስጥ ከተጻፈ ተራ ቃል ጋር ሲነጻጸር የዓምዱ ደንብ ያሸንፋል፤ ቃሉ ዝም ብሎ ይከተላል። አብዛኛው የድረ ገጽ ሥራ እንዲህ ያለ ነው። የአንድ ሠንጠረዥ ዓምድ ከሌላ ሠንጠረዥ ዓምድ ጋር ሲገናኝ ግን ሁለቱም እኩል ሥልጣን አላቸው። የመርካቶን እህል በአንድ ቁና፣ የገጠሩን በሌላ ቁና ሰፍሮ እኩል ነው ለማለት እንደማይቻለው ሁሉ፣ ዳታቤዙም በየትኛው ልስፈር ብሎ ይቆማል። 1267 ማለት ይኸው ነው። የጸሐፊዎች ገጽ ሁለት ሠንጠረዥ በስም ስለሚያገናኝ ወደቀ፤ የጽሑፉ ገጽ ስለማያገናኝ ተረፈ።

ብዙ ጀማሪ ባለሙያ እዚህ ላይ ሲደርስ በጥያቄው መሐል “ኮሌት” የሚል ቃል ጨምሮ አንዱን ወገን በግድ ያስማማል። ገጹ ወዲያው ይከፈታል፤ ደንበኛውም ይደሰታል። ነገር ግን እንዲህ የተገደደ ዓምድ ብዙ ጊዜ ኢንዴክሱን መጠቀም ይሳነዋል፤ ሠንጠረዡ በገፋ ቁጥር ገጹ ይዘገያል። በእኔ ዓይን ይህ ጥገና ሳይሆን ማስታገሻ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ሁሉንም ወደ አንድ ደንብ ማምጣት ነው፤ ወጥመዱም ያለው እዚያው ነው። በፒኤችፒማይአድሚን “ኦፔሬሽንስ” በሚለው ትር ሥር ኮሌሽን መምረጫ አለ። ሰው ከዝርዝሩ ይመርጣል፤ “ጎ” ይላል፤ አረንጓዴ መልእክት ይመጣለታል። ምንም አልተለወጠም! የተለወጠው ወደፊት ለሚፈጠር ሠንጠረዥ የሚሠራው ነባሪ ብቻ ነው። በአዳዲሶቹ እትሞች ከመምረጫው ሥር ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች አሉ፤ አንዱ የሠንጠረዦቹን፣ ሁለተኛው የዓምዶቹን ኮሌሽን ጭምር ለመቀየር። ሁለቱም ካልተመረጡ ግጭቱ ባለበት ይቀጥላል፤ ምክንያቱም የሚነጻጸረው ዓምድ እንጂ ሠንጠረዥ አይደለም። በትእዛዝ ለሚሠሩም ልዩነቱ ያው ነው። “ኦልተር ቴብል” ካሉ በኋላ “ኮንቨርት ቱ” ካልተጨመረ ያሉት ዓምዶች አይነኩም።

ባለሙያዋ ይህን ከማድረጓ በፊት ሁለት ነገር አደረገች። መጀመሪያ ሙሉ ባካፕ ወሰደች፤ ወስዳም አልተወችውም፤ ሌላ ባዶ ዳታቤዝ ፈጥራ እዚያ ላይ መልሳ ጫነችው። ተከፍቶ ያልታየ ባካፕ እንዳለ አይቆጠርም፤ ይህን ሕግ የማያውቁ ሰዎች ናቸው ሲያለቅሱ የምናየው። ሙከራውንም በዚያ ቅጂ ላይ ጀመረች። ሁለተኛው ነገር ምርጫ ነበር፤ የትኛው ደንብ?

ለአማርኛ ብቻ ለሚያስብ ሰው ምርጫው ብዙም ለውጥ የለውም። ሲአይ የሚለው ቅጥያ ትልቅና ትንሽ ፊደል አለመለየት ማለት ነው፤ እኛ ትልቅና ትንሽ የለንም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ በሀሁ ቅደም ተከተል ስለተሰለፈ፣ ጄኔራል-ሲአይ የተባለው ተራ ኮሌሽን እንኳ በኮድ ቁጥር ሲደረድረው ከሀ እስከ ፐ በወጉ ይወጣል። ልዩነቱ የሚታየው ከሦስት ባይት በላይ ያሉ ምልክቶች ሲመጡ ነው። ጄኔራል-ሲአይና ዩኒኮድ-ሲአይ ባለ አራት ባይት ምልክቶችን በሙሉ እንደ አንድ ይቆጥሯቸዋል። የጃፓን ባለሙያዎች ይህን የሱሺና የቢራ ችግር ይሉታል፤ የሱሺ ኢሞጂ ፈልገህ የቢራ ኢሞጂ ይመጣልሃልና። የ0900 ኤአይ ደግሞ በሌላ በኩል ያስቸግራቸዋል፤ ከፊደሉ ላይ ያለችውን ምልክት ችላ ስለሚል “ሃሃ” እና “ፓፓ” የሚሉት ቃሎቻቸው፣ እናትና አባት፣ እኩል ይሆኑባቸዋል።

ይህ የሩቅ አገር ቀልድ የሚመስለው አንባቢ የጉራጌን ፊደል ያስብ። ለጉራጌ ቋንቋዎች ጽሕፈት የሚያስፈልጉ 28 ፊደላት እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኒኮድ 14 ሲጨመሩ በሦስት ባይት ክልል ውስጥ ቦታ አላገኙም፤ የተቀመጡት በአራቱ ውስጥ ነው። አሮጌው ዩቲኤፍ8 ጨርሶ አይቀበላቸውም። ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ሆኖ ኮሌሽኑ ጄኔራል ወይም ዩኒኮድ-ሲአይ ከሆነ ደግሞ ይቀበላቸዋል፤ ነገር ግን ሁሉንም እንደ አንድ ፊደል ያያቸዋል። በእነዚህ ፊደላት ብቻ የሚለያዩ ሁለት የጉራጌ ስሞች ለዳታቤዙ አንድ ሰው ናቸው። ዩኒኮድ-520-ሲአይ እና 0900 ይለዩዋቸዋል። ባለሙያዋ 520ን መረጠች። ምክንያቷ ቀላል ነው፤ ማይኤስኪውኤልም፣ ከእሱ የተገነጠለው ማሪያዲቢም ያውቁታል። 0900ን ግን በየሆስቲንጉ ያሉ ብዙ የማሪያዲቢ እትሞች አያውቁትም፤ ባካፑ ሲጫን “ያልታወቀ ኮሌሽን” ብለው በቁጥር 1273 ይመልሱታል። ነገ ድረ ገጹ እንደገና መዛወሩ አይቀርም።

አዘጋጁ ይህን ሲሰሙ ለዓመታት ያስጨነቃቸውን ጠየቁ።

“እንግዲያው ‘ጸሐይ’ ብዬ ስፈልግ በ‘ፀ’ የተጻፈውም ይመጣልኛል?”

“አይመጣም ጋሼ።”

አይመጣም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ለአማርኛ ጆሮ አንድ ቢሆኑም በየትኛውም የማይኤስኪውኤል ኮሌሽን የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ይህ የዩኒኮድ ሰዎች ቸልተኝነት አይደለም። ትግርኛ ሐን ከሀ፣ ዐን ከአ በድምፅ ይለያል፤ ግእዝም የትርጉም ልዩነት አለው። ለአማርኛ ሲባል ቢዋሐዱ ለሌሎቹ ይበላሻል። የአማርኛ ፍለጋ ለሚፈልግ ሰው መፍትሔው ሌላ ነው፤ ከዋናው ጽሑፍ ጎን አንድ የፍለጋ ዓምድ ይፈጥራል፤ እዚያ ሞክሼዎቹን ሁሉ ወደ አንድ ፊደል አምጥቶ ያስቀምጣል፤ የተጠቃሚውንም ቃል ሲፈልግ እንዲሁ ይለውጣል። ዋናው ጽሑፍ ግን ጸሐፊው እንደጻፈው ይቆያል። ኮሌሽን ቀይሬ ፍለጋህን አስተካክላለሁ ለሚል ሰው ገንዘብ አትክፈሉ።

በቅጂው ላይ ቅየራው ተጀመረ። ትንንሾቹ ሠንጠረዦች ወዲያው አለቁ። ሁለት ሠንጠረዦች አንዱ ከሌላው ጋር በውጭ ቁልፍ የተሳሰሩ ስለነበሩ አልላላም አሉ፤ የተሳሰሩ የጽሑፍ ዓምዶች ኮድና ኮሌሽናቸው አንድ መሆን አለበትና አንዱን ብቻ መንካት አይቻልም። የቁልፍ ቁጥጥሩን ለጊዜው አጥፍታ ሁለቱን ቀየረች፤ መልሳም አበራችው።

የጸሐፊዎቹ ሠንጠረዥ ላይ ሲደርስ ግን በቁጥር 1062 ቆመ፤ ተደጋጋሚ ስም አለ። አዘጋጁ ተገረሙ፤ ለዓመታት ሲሠራ የነበረ ዝርዝር ነው። ባለሙያዋ ስሙን ፈልጋ አወጣችው። አንድ ደራሲ ሁለት ጊዜ ተመዝግበዋል፤ በአንደኛው ከስማቸው መጨረሻ ላይ አንድ ባዶ ቦታ አለ። የ0900 ደንብ በቃል መጨረሻ ያለን ባዶ ቦታ እንደ ፊደል ይቆጥራል፤ የቀደሙት ደንቦች አይቆጥሩም። በአዲሱ ሰርቨር ሁለት የነበሩት ሰው በ520 አንድ ሊሆኑ ሲሉ ልዩ መሆን ያለበት ኢንዴክስ ተቃወመ።

“ለካ ለዚህ ነው ከዝውውሩ ወዲህ በራሳቸው ገጽ ላይ ጽሑፋቸው ግማሽ ብቻ የሚታየው!” አሉ አዘጋጁ። እኚህ ደራሲ በዚህ ምክንያት ደውለው ተቆጥተዋቸው ነበር። ሁለቱን መዝገብ ወደ አንድ አመጡና ቅየራው ቀጠለ።

አሮጌ እትም የሚጠቀሙ አንባቢዎች ሌላ መሰናክል ይገጥማቸዋል። ቀድሞ የአንድ ኢንዴክስ ጣሪያ 767 ባይት ነበር። 255 ፊደል በሦስት ሲባዛ 765 ነውና ይገባል፤ በአራት ሲባዛ ግን 1020 ሆኖ ከጣሪያው ያልፋል። ዎርድፕረስ በኢንዴክሶቹ ላይ 191 የሚል እንግዳ ቁጥር ያስቀመጠው ለዚህ ነው፤ 191 በአራት 764። በማይኤስኪውኤል 5.7 ነባሪው የረድፍ ዓይነት ስለተለወጠ ጣሪያው ወደ 3072 ከፍ ብሏል። ቪውና ትሪገር ያላቸው ዳታቤዞች ደግሞ ተጨማሪ ሥራ አለባቸው፤ እነዚህ በተፈጠሩበት ጊዜ የነበረውን የግንኙነት ኮሌሽን ይዘው ስለሚቆዩ ተጥለው እንደገና መፈጠር ይኖርባቸዋል።

የቀረው የእንግዳ መዝገቡ ነው። እስካሁን የተሠራው ሥራ ቢሳሳት የሚያስከፍለው ጊዜ ነው፤ ይህ ግን ጽሑፍ ያስከፍላል። ላቲን1 አማርኛን አያውቅም። ያኔ የተሠሩት ፕሮግራሞች ግን የዩቲኤፍ-8 ባይቶችን እንዳሉ ያስገቡ ነበር፤ ዳታቤዙ የስዊድን ፊደል መስሎት ያስቀምጣል፤ ሲጠየቅም እንዳስቀመጠው ይመልሳል። ውሸቱ ከሁለቱም ወገን ስለሆነ አንባቢው ንጹሕ አማርኛ ያያል። አሁን አንድ ሰው መጥቶ እንደ ሌሎቹ “ኮንቨርት ቱ” ቢለው ዳታቤዙ የስዊድን ፊደሎች ያላቸውን በሐቀኝነት ወደ ዩቲኤፍ-8 ይተረጉማቸዋል፤ አማርኛውም በድርብ ኮድ ተጠቅልሎ ይወጣል።

ስለዚህ ከመንካት በፊት መቁጠር ይገባል። “ኢትዮጵያ” በሚለው ቃል ቦታ አምስት የጥያቄ ምልክት ብቻ ካለ፣ ዳታቤዙ ገና ሲቀበለው የማያውቀውን ፊደል እየጣለ በምትኩ ምልክት አስቀምጧል፤ ያ ጽሑፍ የለም፤ ከድሮ ባካፕ በቀር የሚመልሰው ምንም ዓይነት ጥበብ የለም። እስከ አሥራ አምስት የሚደርሱ፣ ጭረት ባላት የላቲን ኤ እየተጀመሩ የሚደጋገሙ እንግዳ ምልክቶች ካሉ ግን ደስ ይበላችሁ። ያቺ ባለ ጭረት ኤ የእያንዳንዱ የተለመደ የግእዝ ፊደል የመጀመሪያ ባይት ናት። መልኩ ቢያስጠላም ጽሑፉ በሕይወት አለ።

የአዘጋጁ መዝገብ በአብዛኛው ሁለተኛው ዓይነት ሆነ። ባለሙያዋ ዓምዱን መጀመሪያ ወደ ብሎብ ቀየረችው፤ ብሎብ ጥሬ ባይት ነው፤ ኮድ የሚባል ነገር አያውቅምና ምንም አይተረጉምም። ከዚያ ወደ ጽሑፍ መልሳ ኮዱን ዩቲኤፍ8ኤምቢ4፣ ኮሌሽኑን 520 አደረገችው። ስክሪኑ ላይ የድሮ አንባቢዎች ሰላምታ ተዘረገፈ። በመሐል የተወሰኑ መስመሮች ግን የጥያቄ ምልክት ብቻ ነበሩ። በአንድ ወቅት የድሮው ሆስቲንግ ድርጅት የግንኙነቱን ኮድ ሳይናገር ቀይሮ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የተጻፉት ናቸው። አዘጋጁ ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ “የጻፉትን ሰዎች እንኳ ስማቸውን አላውቅ” አሉ።

ቅጂው ከተፈተሸ በኋላ እውነተኛው ዳታቤዝ ላይ ያው ሥራ ተደገመ። የጸሐፊዎቹ ገጽ ተከፈተ።

ለአማርኛ ድረ ገጽ ባለቤቶች ሁሉ የምለው ይህን ነው። ሲፓነል ላይ አዲስ ዳታቤዝ ስትፈጥሩ ኮሌሽኑን የሚወስነው የሰርቨሩ ነባሪ ነው፤ የጋራ ሆስቲንግ ተጠቃሚ ደግሞ ያንን ነባሪ የመቀየር ሥልጣን የለውም። በራሳችሁ ዳታቤዝ ላይ ግን አላችሁ፤ ገና ባዶ ሳለ አስተካክሉት። የቆየ ድረ ገጽ ያላችሁ ፒኤችፒማይአድሚን ክፈቱና የኮሌሽኑን ዓምድ ከላይ እስከ ታች አንብቡ። ከአንድ በላይ ስም ካያችሁ ስሕተቱ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ባካፕ ውሰዱ፣ ባካፑን ሌላ ቦታ ጭናችሁ ፈትኑ፣ ከዚያ ባለሙያ ጥሩ። ላቲን1 የሚል ካያችሁ ደግሞ ጽሑፉን የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ሳይቀመጥ ምንም አትንኩ።